እግርን ያለ ቢላዋ ማዳን

ስለ ሕክምና ወሬ በተነሣ ቍጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ፈጥኖ የሚሮጠው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ትልቅ ሐኪም ማለት ቢላዋ የሚይዝ፥ ከባድ በሽታ ማለትም ተቈርጦ ካልወጣ የማይለቅ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ቢላዋ የማይረዳበት፥ እንዲያውም የሚጎዳበት ከባድ ሕመም አለ። እንዲህ ያለውን ሕመም የሚያሽለው ውሃ፥ ሳሙና፥ ፋሻ፥ ጫማና ትዕግሥት ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በየዕለቱ መፈጸሙ ግን ቀላል አይደለም።

ክቡራን አንባብያን፥ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የተነሣነው በቢታ ገነትና በጠቅላላው የካፋ ደጋና ወይና ደጋ ባለው ዓይነት ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚሠራውን ገበሬ ስለሚያጠቃው ስለ ዝሆኔ በሽታ ነው። ይህን አርእስት የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእኛ ዕድሜ ወይም ከእኛ ባነሰ ዕድሜ ላይ ነው። ሁለተኛ፥ በሽታውን ለመከላከልና ለማስታገሥ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተምረነው ወደየቤታችን ይዘነው ልንሄድ የምንችለው ነው። ይህን ዕውቀት ያገኘ ሰው ዝም ካለ፥ ዝምታው በሌላው እግር ላይ ይቈጠራል።

ከቀዝቃዛ አገር የተገኘ ትምህርት

ወደ ካፋ ከመግባታችን በፊት ቢላዋን ማዘግየት ምን ያህል ጥበብ እንደ ሆነ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በረዶ በሚበዛበት አገር የሰው እግርና ጣት በውርጭ ተመትቶ ይደርቃል፤ ይጠቍራል፤ የሞተም ይመስላል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በዘመቱበት በኮሪያ ጦርነት ይህ የውርጭ ጉዳት ለሠራዊት ሐኪሞች ከባድ ፈተና ሆኖ ነበር። በጥንት ዘመን የተመታውን እግር በበረዶ ማሸት እንደ መድኃኒት ይቈጠር ነበር፤ የጠቆረውንም ፈጥኖ መቍረጥ የተለመደ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ተነቅፈዋል።

የዛሬው ሕክምና የተመታውን እግር ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሟሟቅ ነው። ዳግመኛ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን ከመጠለያ ሳይደርሱ ማሟሟቁ የባሰ ጉዳት ስለሚያመጣ አይደረግም። ከዚያም የደም ሥርን የሚከፍት ኢሎፕሮስት የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ47 በሽተኞች ላይ የተደረገ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጥናት ውጤት ከታተመ በኋላ መድኃኒቱ ታወቀ፤ በየካቲት 2024ም የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ለከባድ የውርጭ ጉዳት ፈቀደው። ከሁሉም በላይ ሐኪሞቹ ይጠብቃሉ። ሕያው ሥጋና የሞተ ሥጋ ራሳቸው እስኪለያዩ ድረስ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ያልፋሉ። ጠቍሮ የነበረው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሕያው ሆኖ ይገኛል። «በጥር የቀዘቀዘ በሐምሌ ይቈረጣል» የሚለው የሐኪሞች አባባል የወጣው ከዚህ ነው።

በካፋ እንዲህ ያለ ውርጭ የለም። ነገር ግን ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ይገኛል፤ ይኸውም ሰው አይቶ ተስፋ የቈረጠበት እግር ያለ ቢላዋ ሊረዳ ይችላልን? የሚል ነው።

ዝሆኔ ምንድር ነው?

ሕዝባችን የእግርን ከመጠን ያለፈ እብጠት ሁሉ ዝሆኔ ይለዋል፤ ቆዳው እየወፈረና እየሻከረ የዝሆን እግር ስለሚመስል ነው። በሕክምና ግን ከአንድ በላይ የሆኑ በሽታዎች እንዲህ ያለ እብጠት ያመጣሉ። አንደኛው ትንኝ በምታስተላልፈው ቀጭን ትል የሚመጣው ነው፤ ይህ በቆላ፥ ለምሳሌ በጋምቤላ በኩል ይገኛል። ሁለተኛው ከአፈር የሚመጣው ነው፤ ስሙም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ቃሉ እግርና አቧራ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። በደጋና በወይና ደጋ የሚኖረውን ገበሬ የሚያጠቃው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሁለቱን መለየት ይጠቅማል፤ ሕክምናቸው በከፊል ይለያያልና። የትሉ በሽታ በየዓመቱ ለሕዝቡ በሚታደል መድኃኒት ይከላከሉታል። ከአፈር የሚመጣው ግን ትል የለበትምና በዚያ መድኃኒት አይድንም። ከአፈር የሚመጣው ከእግር መዳፍና ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ አንደኛው ግን ከሌላው ይብሳል። ከሥጋ ደዌም ይለያል፤ ሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ያጠፋል፥ በዚህኛው ግን ስሜት አይጠፋም።

በሽታው ሲጀምር ምልክቱ ትንሽ ነው። የእግር ፊት ለፊት ያሳክካል፤ ማታ ማታ ያቃጥላል፤ ከሥራ በኋላ ያብጣል፤ ሌሊት ተኝተው ሲያድሩ ይጎድላል። በዚህ ጊዜ ማንም አይደነግጥም። ሐኪሞች በሽታውን በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ እብጠቱ አድሮ ይጠፋል። በሁለተኛው አድሮም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ጉጥ ቢወጣም ከቍርጭምጭሚት በታች ነው። በሦስተኛው ጉጡ ከቍርጭምጭሚት በላይ ይወጣል። በአራተኛው እብጠቱ ጉልበትን ያልፋል። በአምስተኛው መጋጠሚያው ደርቆ አልታጠፍ ይላል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ደረጃ የደረስንበት እግር ወደ ጤናው ሊመለስ ይችላል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰው እግር እንኳ ቍስሉ ሊደርቅ፥ ሽታው ሊጠፋ፥ ሕመሙም ሊቀንስ ይችላል።

አፈሩና ደሙ

የበሽታውን ምክንያት በማስረዳት ረገድ በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ስሙ ይጠቀሳል። ፕራይስ በሥጋ ደዌ ሕክምና ሥራ ላይ ሳለ የእግር እብጠት ያላቸው ብዙዎች ትልም ሥጋ ደዌም እንደሌለባቸው አስተዋለ። ከዚያም በሽታው የት እንደሚበዛ ሲመረምር ነገሩ ከመሬቱ ጋር ተያያዥ ሆኖ አገኘው። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፥ ከፍ ያለ አገርና ብዙ ዝናብ አንድ ላይ በሚገኙበት ስፍራ በሽታው ይበዛል።

ካፋን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ የራሱን አገር መልክ ሳያይ አይቀርም። በቦንጋና በአካባቢው በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። አፈሩ ቀይና ጥሩ ነው፤ ቡናውንና እንሰቱን፥ ዛፉንም ያሳደገው እርሱ ነው። ሲረጥብ ግን ከእግር ላይ ይጣበቃል፤ ሲደርቅም እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ይሆናል። እንግዲህ ያው የሚያበላን አፈር ሳይሸፈን ለሚረግጠው ሰው እግር ጠላት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገባሉ። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ሊምፍ የሚባለውን ውሃ መሰል ፈሳሽ ከሥጋ እየሰበሰቡ ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። ቅንጣቶቹ ወደነዚህ ቧንቧዎች ሲገቡ ሰውነት ይቈጣል፤ ቧንቧው ያብጣል፥ ቀስ እያለም ጠባሳ ይሆንና ይዘጋል። በሚገባ ያልተጠረገ ቦይ ውሃው እንደሚያቍር ሁሉ መመለሻ ያጣው ፈሳሽም በእግር ውስጥ ያቍራል። ቆዳውም በፈሳሹ ብዛት ይለጠጣል፥ ይወፍራል፥ ይሰነጠቃል።

ታዲያ በአንድ ማሳ ላይ ባዶ እግራቸውን የሚሠሩ ሁሉ ለምን አይታመሙም? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በወላይታ የተደረገው የዘር ጥናት ነው። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ሰዎች ሰውነታቸው ለአፈሩ ቅንጣት በኀይል እንዲቈጣ የሚያደርግ የዘር ውርስ እንዳላቸው አሳዩ። በሽታው በአንዳንድ ቤተ ሰብ የሚደጋገመው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ውርሱ ብቻውን አያሳምምም፤ አፈሩ ሳይነካው ከቀረ በሽታው አይመጣም። ውርሱን መለወጥ አንችልም፤ እግርንና አፈርን መለየት ግን እንችላለን።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ግልጽ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ሳፋ በመታጠብ፥ በአንድ ወንበር በመቀመጥ፥ በአንድ ገበታ በመብላት፥ በመጋባትም አይጋባም። እርግማን አይደለም፤ እባብ ረግጦ ወይም ምች መትቶት የመጣም አይደለም።

ስንት ሰው ይታመማል?

እ.ኤ.አ. በ2013 በከበደ ደሪቤ መሪነት በአገሪቱ በሞላ የበሽታው ካርታ ተሠርቶ ነበር። ጥናቱ በሽታው በ345 ወረዳዎች እንደሚገኝ፥ ከ30 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብም ለበሽታው በሚመች ምድር ላይ እንደሚኖር አመለከተ። የታመሙት ዐዋቂ ሰዎች ቍጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ተገምቷል። በዚያን ጊዜ ካፋ የነበረበት የደቡብ ክልል በበሽታው ብዛት ከክልሎች ሁሉ ቀደም ያለ ነበር። ካፋ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ሆኗል፤ የክልል ስም ሲለወጥ ግን አፈሩ አልተለወጠም።

የጉዳቱን መጠን ለማወቅ የሰው ቍጥር ብቻ አይበቃም። በወላይታ የተደረገ ጥናት አንድ በሽተኛ በዓመት ውስጥ ሊሠራ ከሚችልባቸው ቀኖች 45 በመቶውን እንደሚያጣ አሳይቷል። ግማሽ ዓመት ያህል የማይሠራ ገበሬ ማለት ነው። ቡና በሚለቀምበት ወር እግሩ የተቃጠለበት ሰው የዓመቱን ገቢ በሌላ ሰው እጅ ትቶ ይተኛል፤ ወይም ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ይልካል።

ቢላዋ ለምን አይረዳም?

በሽታውን የሚያይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው «ያበጠው ሥጋ ለምን አይወገድም?» የሚል ነው። ይህ አሳብ ለሐኪሞችም መጥቶላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ቻርልስ በተባለ ሐኪም ስም የሚጠራ ኦፕራሲዮን ይታወቃል፤ ያበጠውን ቆዳና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ገፍፎ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ቆዳ መሸፈን ነው።

ነገር ግን ሦስት ችግር አለበት። አንደኛ፥ የተዘጋው ቧንቧ አይከፈትም። ኦፕራሲዮኑ ያቈረውን ውሃ ጨለፈ እንጂ ቦዩን አልጠረገም። ስለዚህም እብጠቱ ተመልሶ ይመጣል፤ በተለይ ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደዚያው ቀይ አፈር በባዶ እግሩ ከተመለሰ። ሁለተኛ፥ የተጠገነው ቆዳ ደካማና ጠባሳ የበዛበት ስለሚሆን በቀላሉ ይቈስላል፥ ሕመሙም ከቀድሞው ሊብስ ይችላል። ሦስተኛ፥ ለወራት ሆስፒታል መተኛትን ይጠይቃል፤ ከቢታ ለመጣ ገበሬ ይህ ማለት እርሻውን መተው ነው። ስለዚህ ዛሬ ትልቁ ኦፕራሲዮን ለዚህ በሽታ አይመከርም። ጫማ እንዳይገባ የሚከለክል ጎልቶ የወጣ ጉጥ ካለ ብቻ፥ እርሱም እግሩ በእንክብካቤ ከተሻለው በኋላ፥ በትንሽ ኦፕራሲዮን ሊነሣ ይችላል። እግርን ከነአካቴው መቍረጥማ የዚህ በሽታ ሕክምና አይደለም።

ሕክምናው በዝርዝር

የዚህ በሽታ ሕክምና ሆስፒታል መተኛትን አይጠይቅም፤ በበሽተኛው ቤት፥ በበሽተኛው እጅ የሚፈጸም ነው። ሐኪሙ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታስተምራለች፤ በሽተኛው ይሠራዋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

አንደኛ፥ ማጠብ። እግሩን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፤ በተለይ በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ የገባውን አፈር በቀስታ ማውጣት። በኀይል መፈተግ ቆዳውን ያቈስለዋል።

ሁለተኛ፥ መዘፍዘፍ። ተሕዋስያንን የሚገድል ጥቂት መድኃኒት በተጨመረበት ውሃ ውስጥ እግሩን ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ማቈየት። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት በረኪና ነው። መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ መሆን አለበት፤ የበዛ በረኪና ቆዳን ያቃጥላልና ልኩን ከጤና ጣቢያ መማር የግድ ነው።

ሦስተኛ፥ ማድረቅ። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ያለ ጥድፊያ ማድረቅ። እርጥብ የቀረ የጣት መካከል ይላላጣል፤ ይሸታል፤ ለሌላ ተሕዋስም በር ይከፍታል።

አራተኛ፥ መቀባት። በጣት መካከል መላላጥ ካለ ዊትፊልድ የሚባለው ቅባት ይደረጋል፤ በቀረው ቆዳ ላይ ቫዝሊን ይቀባል። የቫዝሊኑ ዓላማ ማሳመር አይደለም። የተሰነጠቀ ቆዳ የፈረሰ አጥር ነው፤ ቅባቱ አጥሩን ይጠግናል።

አምስተኛ፥ ማንቀሳቀስና ከፍ ማድረግ። ቍርጭምጭሚትን ማዞር፥ ጣቶችን ወደ ላይና ወደ ታች ማድረግ፥ ሲቀመጡ እግርን በዱካ ላይ ማሳረፍ፥ ሲተኙም ከእግር በኩል ከፍ ማድረግ። የጡንቻው እንቅስቃሴ ያቈረውን ፈሳሽ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ስድስተኛ፥ መጠቅለል። እብጠቱ ለከበደበት ሰው ጠዋት ከመኝታ ሳይነሣ፥ እግሩ ገና ቀለል ባለበት ሰዓት፥ በሚሳብ ፋሻ ከጣት ጀምሮ ወደ ጉልበት መጠቅለል። ከታች ጠበቅ፥ ከላይ ላላ ይላል። አጠቃለሉን ያላወቀ ሰው ደም እንዳያግድ ተምሮ መጀመር አለበት።

ሰባተኛ፥ ካልሲና ጫማ። ይህ ከሌለ ከላይ ያልነው ሁሉ ከንቱ ነው፤ የታጠበው እግር ወደ አፈሩ ይመለሳልና።

አንባቢ እንደሚያየው ከእነዚህ ሰባት ነገሮች አንዱም ለብቻው ተአምር አይሠራም። የሚያሽለው መደጋገሙ ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ሕክምና የተነገረ ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሽታው ይጠፋል፤ ቀጥሎ ቍስሉ ይደርቃል፤ ቆዳው ይለሰልሳል፤ እብጠቱም ከወራት በኋላ ይጎድላል። በሁለተኛው ሳምንት «አልዳንኩም» ብሎ የተወ ሰው ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የትኩሳት ቀኖች

የዝሆኔ በሽተኛ ከሁሉ የሚፈራው በየጊዜው የሚነሣውን ሕመም ነው። እግሩ በድንገት ይቀላል፥ ይግላል፥ ያማል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳትም ይይዘዋል፤ የብሽሽት ዕጢውም ያብጣል። ሰው «ምች መታው» ይላል። በእርግጥ ግን ብዙ ጊዜ በተሰነጠቀው ቆዳ በኩል ተሕዋስ ገብቶ ነው።

በዚህ ጊዜ በሽተኛው መተኛት፥ እግሩን ከፍ ማድረግ፥ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማኖር፥ ብዙ ውሃ መጠጣት፥ የትኩሳት ማስታገሻ ኪኒን መውሰድ አለበት፤ ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ቍስል ካለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። ፋሻ መጠቅለልና እግርን ማሸት ግን እስኪያልፍ ይቈያል። በምላጭ መብጣትም፥ በጋለ ብረት መተኰስም፥ ቅጠል ቀጥቅጦ በቍስል ላይ ማሰርም አዲስ በር መክፈት ነው።

ሕክምናው ለመሥራቱ ማስረጃው

ጠርጣራ መሆን የተማሪ ግዴታ ነውና «ሳሙናና ፋሻ በእርግጥ ይሠራልን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ትክክል ነው። ለዚህ ጥያቄ በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የገቡበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በሽተኞቹ በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እግርን መታጠብን፥ ቅባትን፥ ፋሻን፥ እንቅስቃሴን፥ ካልሲንና ጫማን ወዲያው ጀመረ፤ ሁለተኛው ወገን ከዓመት በኋላ እንዲጀምር ተደረገ። በዓመቱ መጨረሻ ሕክምናውን ቀድሞ የጀመረው ወገን የትኩሳት ሕመሙ ከሌላው በአንድ አምስተኛ ገደማ አንሶ ተገኘ። አንድ አምስተኛ ትንሽ የሚመስለው ካለ፥ ይህ ሕመም በአንዳንዱ ሰው በወር ሁለት ጊዜ ያህል የሚነሣ መሆኑን ያስታውስ። ለገበሬ የተረፈ እያንዳንዱ ቀን የታረሰ ቀን ነው።

ሌላም ጥናት በአገራችን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ለመዘፍዘፊያው ውሃ ከመቶ ሁለት እጅ ግሊሰሪን ሲጨመርበት ቆዳው ይበልጥ እርጥበቱን እንደሚይዝ ታየ፤ የሚያስፈልገውም ውሃ ከስድስት ሊትር ወደ አንድ ሊትር ወረደ። ይህ ነገር በከተማ ቧንቧ አጠገብ ለሚኖር ሰው ምንም አይደለም። በጀሪካን ውሃ ከወንዝ ለምታወጣ ሴት ግን ሕክምናውን በመቀጠልና በመተው መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ሕክምናው እንዲህ ከታወቀ ለምን ብዙ ሰው ሳይታከም ይኖራል? የመጀመሪያው ምክንያት ጫማው ነው። የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ በየገበያው ይገኛል፤ ነገር ግን ያበጠ እግር አይገባበትም፥ የገባበትም ቢሆን ያልበዋል፥ ይፋቀዋል። ለእንዲህ ያለ እግር በልኩ የተሠራ ሰፊና ለስላሳ የቆዳ ጫማ ያስፈልጋል። በወላይታ ለዚህ ሥራ በተቋቋመው ማኅበር በሽተኞች ራሳቸው ጫማ መሥራት ተምረው ለሌሎች በሽተኞች ሠርተዋል፤ ለሌሎችም አካባቢዎች የሚሆን ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ጭቃው ነው። ዝናብ በሚበዛበት በካፋ ጫማውን አጥቦ ማድረቅ ራሱ ሥራ ነው፤ አንድ ጫማ ብቻ ያለው ሰው ሲረጥብበት ባዶ እግሩን ይወጣል።

ሦስተኛውና የሚከብደው ኀፍረት ነው። በሽተኛው ከሰርግ፥ ከለቅሶ፥ ከእድር፥ ከቤተ ክርስቲያንም ይርቃል፤ ልጅቷ ባል አታገኝም፤ ተማሪው ጓደኞቹ አፍንጫቸውን ሲይዙ አይቶ ትምህርቱን ያቋርጣል። እኅቱ የታመመችበት ጤነኛ ወንድም እንኳ «ዘራቸው ነው» ተብሎ ይወራበታል። ስለዚህ በሽታው ሲጀምር ማንም አይናገርም፤ በረዥም ልብስ ይሸፍኑታል። ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሊድን ይችል የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ ያልተማረ ሰው ጥፋት ነው የምንል ካለን አንድ ቍጥር እንመልከት። በደቡብ ኢትዮጵያ 275 የጤና ባለሙያዎች ስለዚህ በሽታ ተጠይቀው ነበር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ከመካከላቸው ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ተቀምጠው የተማሩ ሰዎች ናቸው። በሽተኛው ከሰባት ሰዓት መንገድ በኋላ ጤና ጣቢያ ደርሶ ሐኪሙ እንዳይነካው ሲሸሽ ካየ፥ ሁለተኛ አይመለስም። እንግዲህ ዲፕሎማ ብቻውን ድንቍርናን እንደማያባርር እንረዳ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከሕክምናው ሁሉ የሚበልጠው መከላከሉ ነው። ይህ በሽታ በጥንት ዘመን በስኮትላንድ፥ በአየርላንድና በፈረንሳይም ይገኝ ነበር። ዛሬ የለም። ያጠፋውም ክትባት ወይም አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረጉ ነው። በዓለም ላይ ሙሉ በሙሉ ልንከላከላቸው ከምንችላቸው በሽታዎች አንዱ ይህ ነው።

መከላከያውም ይኸው ነው። ልጅ መሄድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ጫማ ያድርግ፤ ለትምህርት ቤትና ለበዓል ብቻ ሳይሆን ለእርሻና ለእረኝነትም ጭምር፤ አፈሩ የሚገኘው በእርሻው ላይ ነውና። ማታ ከሥራ ሲመለስ እግሩን በሳሙና ይታጠብ። የቤቱ ወለል በምንጣፍ፥ በሰሌን ወይም በተገኘው ነገር ይሸፈን። በቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ የልጆቹ ጫማ ከሌላው ቤት ልጆች ይልቅ ይቅደም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮጵያ ይህን በሽታ በቸልታ ከታለፉት የሞቃት አገር በሽታዎች ጋር በብሔራዊ ዕቅዷ ውስጥ አስገብታዋለች። ዕቅድ ግን ከወረቀት ወደ ቀበሌ የሚወርደው በሰው ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የሚሆኑ ከመካከላችን ቢኖሩም ገና አልሆኑም። ነገር ግን ማድረግ የምንችላቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ በየዕረፍቱ ወደ ቢታ ገነት፥ ወደ ቦንጋ፥ ወደ ጎጃም፥ ወደ ወላይታም ስንሄድ በሽታው እንደማይተላለፍ በአፋችን ብቻ ሳይሆን በሥራችን እናሳይ። ከበሽተኛ ጋር በአንድ ገበታ መብላት ከረዥም ንግግር ይበልጣል።

ሁለተኛ፥ ማታ ማታ እግሬ ያቃጥለኛል፥ ያብጥና አድሮ ይጎድላል የሚል ወጣት ካገኘን ዛሬውኑ ጫማ እንዲያደርግ፥ እግሩን እንዲታጠብና ወደ ጤና ኬላ እንዲሄድ እንምከር። ይህ ደረጃ ካለፈ አይገኝምና።

ሦስተኛ፥ ለአንድ በሽተኛ ኦፕራሲዮን ገንዘብ እንሰብስብ የሚል አሳብ በመካከላችን ሲነሣ መልካም ልብ መሆኑን ሳንክድ ያው ገንዘብ ለስንት ሰው ሳሙና፥ ቫዝሊን፥ ፋሻና በልክ የተሠራ ጫማ እንደሚሆን እናስላ። ጫማም ስናሰባስብ የእግሩ ልክ አስቀድሞ ይለካ፤ የማይገባ ጫማ ስጦታ አይደለም።

አራተኛ፥ ጤና፥ እርሻ፥ ኢንጂነሪንግና ንግድ የምንማር ሁሉ በዚህ ነገር ድርሻ አለን። በጭቃ የማይበሰብስ፥ ላብ የማያፍን፥ የገበሬ ኪስ የሚችለው የሥራ ጫማ ገና በበቂ አልተሠራም። ይህን የሚሠራ ሰው ከብዙ ቀዳጅ ሐኪም የሚበልጥ እግር ያድናል።

በካፋ ምድር ዛሬም ዝናቡ ይዘንባል፤ ቀዩ አፈርም ይታረሳል፤ እንዲታረስም ያስፈልጋል። የምንጠይቀው ገበሬው ከአፈሩ እንዲሸሽ አይደለም። በአፈሩና በእግሩ መካከል አንድ ጫማ፥ በቀኑም መጨረሻ አንድ ሳፋ ውሃና አንድ ቍራጭ ሳሙና እንዲኖር ነው።